ቀለሙን ይተዉት፣ ክዳኑን ይክፈቱ፦ ያገለገለ ጀልባ ሞተር አፈታተሽ

ያገለገለ ጀልባ ሊያይ የሄደ ሰው ዓይኑ መጀመሪያ የሚያርፈው ቀለሙ ላይ ነው። ቀጥሎ ወንበሩ፣ መሪው፣ ሬዲዮው። ሻጩም ይህን ያውቃል፤ ስለዚህ የሚታጠበውና የሚወለወለው እሱ ነው። ኪስ የሚያራቁተው ግን ክዳኑ ሥር ያለው ነገር ነው።

የጀልባ ሞተር ደግሞ ከመኪና ሞተር ይልቅ ላዩ አምሮ ውስጡ ለቄስ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። መኪና የሚቀዘቅዘው ራዲያተር ውስጥ በሚዞር ንጹሕ ውኃ ነው። ብዙ የጀልባ ሞተር ግን ከሥሩ የሐይቁን ወይም የባሕሩን ውኃ እየሳበ በሆዱ ያሳልፋል። አሸዋውም፣ ጨውም፣ ጭቃውም አብሮ ያልፋል። ላዩን በጨርቅ ያጸዳው ሰው ያን አያጸዳውም።

እኔ የምሄድበት መንገድ ይህ ነው። ሞተር እውነቱን የሚናገረው ሁለት ጊዜ ነው፦ አድሮ ቀዝቅዞ ሲነሳ፣ እና ውኃ ላይ ሙሉ ነዳጅ ተሰጥቶት ሲጨነቅ። በመሃል ያለው ጊዜ ሁሉ የሻጩ ነው። ሞቅ ብሎ፣ ሥራ ሳይበዛበት፣ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይሰጡት በዝቅተኛ ዙር) ሲንቆረቆር የማያምር ሞተር ጥቂት ነው።

ከመሄድዎ በፊት

ሲደውሉ ሦስት ነገር ይጠይቁ። ሞተሩ ስንት ሰዓት ሠርቷል? ዘይቱ መቼ ተቀየረ? የውኃ ፖምፓው ላስቲክ መቼ ተቀየረ?

የመጨረሻውን ጥያቄ ብዙ ገዢ አይጠይቅም። እኔ ግን የባለቤቱን ጠባይ የምለካው በእሱ ነው። ፖምፓው ውስጥ የምትሽከረከረው ባለ ክንፍ ላስቲክ ዋጋዋ ትንሽ ነው። ካልተቀየረች ግን ክንፎቿ ይደርቁና ይቆረጣሉ፤ ሞተሩም ውኃ አጥቶ ይግላል። እሷን በየዓመቱ ወይም በየሁለት ዓመቱ የቀየረ ሰው ሌላውንም ሥራ ሳይሠራ አይቀርም። «እሱ ደግሞ ምንድነው?» ካለዎት ብዙ ነገር ነግሮዎታል።

ከዚያ ዋናውን ይንገሩት፦ እኔ እስክደርስ ሞተሩ እንዳይነሳ፣ ዘይቱም እንዳይቀየር። አንዴ ይህን ሳልናገር ሄጄ ስደርስ ሞተሩ እየሠራ ነበር። ሰውየው «እንዳትጠብቅ ብዬ አሞቅኩልህ» አለኝ። አመሰገንኩት! በማግስቱ ጠዋት ድንገት ተመልሼ ሳስነሳው ሞተሪኖው (ማስነሻው) ሲያጓራ ቆይቶ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ነጭ ጭስ አልብሶን ተነሳ።

የሰዓቱን ነገር ደግሞ በጥርጣሬ ይስሙት። በጥቅሉ ሲነገር፣ ጀልባው ውስጥ የተተከለ የቤንዚን ሞተር እስከ ትልቅ ጥገና ድረስ ወደ 1,500 ሰዓት፣ የናፍጣ ሞተር ደግሞ ወደ 5,000 ሰዓት ይሠራል ይባላል። እንደ አያያዙ ይለያያል። ግን ትንሽ ሰዓት ሁልጊዜ ጥሩ ዜና አይደለም። የ20 ዓመት ጀልባ 150 ሰዓት ብቻ ከሠራ፣ በዓመት ስምንት ሰዓት እንኳ አልሞላም ማለት ነው። የቀረውን ጊዜ ቆሞ ሲዝግ፣ ላስቲኩ ሲደርቅ፣ ነዳጁ ሲበላሽ ነው የኖረው። ከእሱ ይልቅ 800 ሰዓት በሥርዓት የሠራውንና ደረሰኝ ያለውን እመርጣለሁ። ሰዓት ቆጣሪው ራሱ በቀላሉ የሚለወጥ ዕቃ መሆኑንም አይርሱ። አዳዲስ ሞተሮች ላይ ግን ኮምፒውተሩ የሠራበትን ሰዓት መዝግቦ ይይዛል፤ መካኒክ ኬብል ሰክቶ ያነበዋል።

ይዘው የሚሄዱት፦ የእጅ ባትሪ፣ ትንሽ መስታወት፣ ነጭ ሶፍት፣ ጓንት፣ ክዳን ያለው ብርጭቆ ጠርሙስ፣ ከተገኘ ደግሞ ሳይነኩ ሙቀት የሚለካ ቴርሞሜትር። ስልክዎ ካሜራ አለው፤ እጅ እንጂ ዓይን የማይገባበት ቦታ እሱን ይላኩ።

ሞተሩ ሳይነሳ

መጀመሪያ እጅዎን ሞተሩ ላይ ያድርጉ። ለብ ካለ ተነስቶ ነበር። ዛሬ ሌላውን ይዩና ለማስነሻው ሌላ ቀን ይቅጠሩ።

አሁን ባትሪዎን ያብሩ። የሚፈልጉት ቆሻሻ አይደለም። የሠራ ሞተር ትንሽ ቢቆሽሽ ያለ ነው። የሚፈልጉት የውኃ መንገድ ነው። ከፖምፓው ሥር፣ ከቱቦ ማሰሪያዎች፣ ከጭስ ማውጫው መገጣጠሚያ ወደታች የወረደ የዝገት መስመር አለ? ነጭ የጨው ቅርፊት አለ? ውኃው ደርቆ ሄዷል፤ መንገዱን ግን ትቶ ነው የሄደው።

አዲስ ቀለም ደግሞ ይበልጥ ያሳስበኛል። ፋብሪካ ሲቀባ ብዙውን ጊዜ ቱቦና ሽቦ ላይ አይረጭም። ቀለሙ ማሰሪያዎቹንና የሽቦ ሽፋኑን ከነካ በቅርብ የተቀባ ሳይሆን አይቀርም። ለምን ተቀባ? የቴስታታው (የሲሊንደሮቹ መክደኛ) ብሎኖች ጥግ ቀለማቸው ተልጦ ብረቱ ካበራ፣ መፍቻ ነክቷቸዋል፤ ቴስታታው ወርዶ ነበር ማለት ነው። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ሻጩ «ተነክቶ አያውቅም» ካለ ግን ክፉ ነው።

ክረምቱ በረዶ በሚሆንበት አገር የኖረ ጀልባ ከሆነ የሞተሩን ጎኖች፣ በተለይ ከጭስ ማሰባሰቢያው ሥር ያለውን፣ በመስታወት ይዩ። ውስጡ የቀረ ውኃ በረዶ ሲሆን ይሰፋና ብረቱን ይሰነጥቃል። በማጣበቂያ የተለሰነ ቀጭን መስመር ካዩ እዚያው ይሰናበቱ።

ሰጥሞ ያውቅ እንደሆነ ማወቂያም አለ። የሞተሩ ክፍል ግድግዳ ላይ እንደ ገንዳ ጠርዝ ቀጥ ያለ የቆሻሻ መስመር ይፈልጉ። ሞተሪኖውና ዲናሞው ከሌላው ይልቅ ዝገዋል? ሻጩ ከፈቀደ አንድ የሽቦ መሰኪያ ነቅለው ውስጡን ይዩ። ደቃቅ ጭቃ ወይም አረንጓዴ ዱቄት ካለ ውኃ ገብቶበታል። ሁሉም ቢታጠብ እንኳ የሽቦ መሰኪያ ውስጡን የሚያጥብ የለም።

ቺንጊያውን (ዲናሞውን የሚያዞረውን ቀበቶ) አገላብጠው ይዩ፣ የተሰነጠቀ ከሆነ ርካሽ ነገር ነው፤ ይለፉት። በቺንጊያው ዙሪያ ጥቁር ዱቄት ከተበተነ ግን መዞሪያዎቹ ዝገው እየበሉት ሊሆን ይችላል።

ዘይቱ፦ እዚህ ጊዜ ይውሰዱ

የዘይት መለኪያውን ይምዘዙና ጫፉን ነጭ ሶፍት ላይ ያንኩት። አትቸኩሉ የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጠብታዋ ስትሰራጭ ይመልከቷት። መሃሉ ጠቁሮ ዙሪያው ቀስ እያለ ቢደበዝዝ ደህና ነው። የናፍጣ ሞተር ዘይት በተቀየረ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ስለሚጠቁር ጥቁረቱ አያስደንግጥዎ። በጠብታዋ ጠርዝ ጥርት ያለ የውኃ ቀለበት ከወጣ፣ ወይም ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ውኃ ገብቷል። ጓርኒሲዮኑ (በቴስታታውና በሞተሩ አካል መሃል ያለው ማሸጊያ) ሄዷል፣ ወይም ዘይት ማቀዝቀዣው ተበስቷል፣ ወይም የጭስ ማውጫው ዝጎ ውኃ ወደ ሲሊንደር እያሳለፈ ነው። ሦስቱም ውድ ናቸው።

በዘይት መሙያው ክዳን ሥር ትንሽ ክሬም የመሰለ ነገር ብቻ ካገኙ ቶሎ አይፍረዱ። ብዙ የማይሞቅ ሞተር ላይ ከአየሩ እርጥበት የተነሳ ይከሰታል። መለኪያው ላይም ካለ ግን ፍርዱ ያው ነው።

ልኩንም ይዩ። ዘይት ያነሰበት ሞተር ባለቤቱ ቸልተኛ ነው። ዘይት ከመጠን በላይ የሞላበት ሞተር ግን ሌላ ታሪክ አለው፤ ማንም ሳይጨምርበት የሚጨምር ዘይት የለም። ባለቤቱ ራሱ አብዝቶ ካልሞላው ነዳጅ ወይም ውኃ እየገባበት ነው። ያሽቱት። ቤንዚን ወይም ናፍጣ ከሸተተ መልሱ ታወቀ።

በጣትዎ መሃል ሲያሹት የሚያብረቀርቅ ብናኝ ካለ ብረት እየተበላ ነው። ጀልባው ውድ ከሆነ ዘይቱን ላቦራቶሪ ይላኩ። ብረትና መዳብ ከበዛ የውስጥ አካል ማለቁን፣ ሶዲየም ከበዛ የባሕር ውኃ መግባቱን፣ ሲሊከን ከበዛ አሸዋና አቧራ መግባቱን ይናገራል። ትናንት የተቀየረ ዘይት ግን ምንም አይናገርም። ዘይቱ እንዳይቀየር በስልክ የለመንነው ለዚህ ነው።

ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከሆነ

ታች፣ ከፕሮፔለሩ ፊት ያለው የማርሽ ቤት የራሱ ዘይት አለው። ብዙ ሰው ላይኛውን አይቶ ይህን ይረሳዋል። ከሥሩ ያለችውን ብሎን ቀስ ብለው ትንሽ ያላሉ። ጀልባው ሌሊቱን ቆሞ ካደረ ውኃው ከዘይቱ ተለይቶ ታች ስለሚዘቅጥ፣ መጀመሪያ የምትወጣው ጠብታ ናት የምትመሰክረው። ውኃ ከሆነች ወይም ዘይቱ ከነጣ ብዙውን ጊዜ የፕሮፔለር ዘንጉ ላስቲክ አልቋል። ብሎኗ ማግኔት ካላት ጫፏን ይዩ፦ እንደ ቅባት የላመ ግራጫ ነገር ያለ ነው፤ የብረት ፍንጣሪ ግን የማርሽ ጥርስ ነው።

ፕሮፔለሩን በእጅ ይወዝውዙት። ከጀርባው የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞ ካዩ ላስቲኩን የቆረጠው እሱ ነው። ዝገት እንዳይበላው የሚታሰሩትን የዚንክ ቁራጮችም አይለፏቸው። ግማሽ ያህል ተበልተው ከሆነ ሥራቸውን እየሠሩ ነው። ጨርሰው አልቀው ከሆነ ዝገቱ ወደ ሞተሩ አልፏል። ዓመታት ኖረው ምንም ካልተነኩ ደግሞ ቀለም ተቀብተዋል ወይም በትክክል አልታሰሩም።

ቁልፉን ያዙሩ፣ ግን ገና አያስነሱ

ጀልባው ውስጥ የተተከለ የቤንዚን ሞተር ከሆነ አስቀድመው የአየር ማውጫውን ቢያንስ 4 ደቂቃ ያሠሩ፣ ክዳኑንም ከፍተው ያሽቱ። የቤንዚን ትነት ከአየር ይከብዳል፤ ጀልባው ሆድ ውስጥ ተኝቶ አንዲት ብልጭታ ይጠብቃል። ይህን ለይስሙላ አላልኩም።

አሁን ቁልፉን የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ያቁሙ። በብዙ ሞተሮች ላይ የዘይት ግፊት መብራቱ ሊበራ ይገባል፣ ወይም ማስጠንቀቂያው ይጮኻል። ሞተሩ ሲነሳ ይጠፋል። ገና ሳይነሳ ዝም ካለ ወይ ተቃጥሏል ወይ አንድ ሰው ሽቦውን ነቅሎታል። ለምን እንደነቀለው ይጠይቁ። እኔ ይህቺን ሁለት ሰከንድ የምትፈጅ ፍተሻ ከሁሉም እወዳታለሁ።

ቀዝቃዛው ሞተር ሲነሳ

አንድ ሰው ከቁልፉ ጋር ይሁን፤ እርስዎ ከጀርባ ጭሱ የሚወጣበት ጋ ይቁሙ። ስልክዎ ይቅረጽ፤ በኋላ ደጋግመው ያዩታል። ጤነኛ ሞተር ሲቀዘቅዝም ቢሆን በጥቂት ሰከንድ ይነሳል። ሻጩ ማስነሻ ስፕሬይ ካወጣ ሞተሩ በራሱ አቅም እንደማይነሳ አሳወቀዎ።

ውስጥ በተተከለ ሞተር ላይ ሞተሪኖውን ደጋግመው አያጓሩት። ሞተሩ ሳይነሳ ሲዞር ፖምፓው ውኃ መሳቡን አያቆምም። የሚገፋው ጭስ ስለሌለ ውኃው ማርሚታውን (የጭስ ማውጫውን ድምፅ ማፈኛ) ሞልቶ ወደ ሲሊንደር ሊመለስ ይችላል። ፍተሻው ራሱ ሞተር ይገድላል ማለት ነው።

ጭሱን በቀለሙ ያንብቡ። ሰማያዊ ከሆነ ዘይት እየነደደ ነው፦ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ላስቲኩ አልቋል። አሮጌ ባለ ሁለት ምት ሞተር ግን ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚነድ ትንሽ ሰማያዊ ጭስ አያስወቅሰውም። ጥቁር ከሆነ ነዳጁ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል። ነጩ ነው የሚያሳስተው። እንፋሎት ከሆነ ጥቂት ሜትር ሄዶ ይጠፋል፤ ቀዝቃዛ ጠዋት ላይ ያለ ነገር ነው። ሳይጠፋ ውኃው ላይ ከተንሳፈፈ፣ ዓይን ካቃጠለ፣ ውኃው ላይም የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ቅባት ከተወ፣ ያልነደደ ነዳጅ ነው። ሞተሩ ሞቆም ነጭ እንፋሎት በብዛት ካልተቋረጠ ደግሞ ውኃ ሲሊንደር እየገባ ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ ውኃው። ከኋላ የሚንጠለጠል ሞተር ከጎኑ ቀጭን ውኃ ይረጫል፤ ጠንካራና የማይቆራረጥ መሆን አለበት። ውስጥ የተተከለው ደግሞ ከጭሱ ጋር ውኃ እየተፋ መሥራት አለበት። ውኃ ካላዩ በፍጥነት ያጥፉት።

ኮምፕረሽን

ኮምፕረሽን ማለት ፒስተኑ ሲሊንደር ውስጥ አየሩን ሲጨምቀው የሚፈጠረው ግፊት ነው። ቤንዚን ሞተር ላይ መካኒክ ካንዴላዎቹን (እሳት መጫሪያዎቹን) አውጥቶ በአጭር ጊዜ ይለካዋል። ቁጥሩ እንደ ሞተሩ ዓይነት ስለሚለያይ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ዋናው በሲሊንደሮቹ መካከል ያለው ልዩነት ነው። በፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) 120፣ 118፣ 121፣ 119 ካሉ ደስ ይበልዎ። 120፣ 118፣ 121፣ 85 ካሉ አንዱ ታሟል። ከ10 በመቶ በላይ ልዩነት ካለ ምክንያቱ ይታወቅ። ዝቅ ባለው ሲሊንደር ውስጥ ትንሽ ዘይት ጠብ አድርጎ ይድገመው፦ ቁጥሩ ከወጣ ፋሻው ነው፤ ካልወጣ ቫልቭ ወይም ጓርኒሲዮን ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ በመካከላቸው ያለው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል።

ካንዴላዎቹ ከወጡ አይቀር ደርድረው ይዩዋቸው። ሁሉም ቡናማ ሆነው አንዱ ብቻ እንደታጠበ ከነጣ፣ ያጠበው ውኃ ነው።

የናፍጣ ሞተር ግፊቱ ከፍተኛ ስለሆነ የራሱ መለኪያ ይፈልጋል። የቤንዚኑን መለኪያ ይዞ የመጣ መካኒክ ካዩ ሌላ ይፈልጉ።

ውኃ ላይ

ጀልባውን ቆሞ፣ ከቧንቧ ውኃ እየተሰጠው ብቻ አይተው አይግዙ። ብዙው የሙቀትና የጉልበት ችግር የሚወጣው ጭነት ሲኖር ነው። ሻጩ «ውኃ ላይ ማውጣት አይመችም» ካለ ምቾቱን ጠብቀው ይመለሱ።

ሲወጡ መጀመሪያ ማርሹን በሚኒሞ ወደፊትና ወደኋላ ያስገቡት። ወዲያው መያዝ አለበት። ከዘገየ ወይም ከተንሸራተተ ካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) ላይ ሥራ አለ። ከዚያ ቀስ በቀስ እያሞቁ ሙሉ ነዳጅ ይስጡትና ለ5 ደቂቃ ያህል እዚያው ያቆዩት። ሻጩ ቅር ይለው ይሆናል። ፋብሪካው ግን ለእያንዳንዱ ሞተር በሙሉ ነዳጅ መድረስ ያለበትን ዙር ጽፏል፤ ብዙ ዘመናዊ ከኋላ የሚንጠለጠሉ ሞተሮች ላይ ከ5,000 እስከ 6,000 ዙር በደቂቃ ነው። መጽሐፉን አይተው ይሂዱ።

ካልደረሰ ሁልጊዜ ሞተሩ አይደለም። የጀልባው ሆድ በአረም ተሸፍኖ ወይም ፕሮፔለሩ ከልኩ በልጦ ሊሆን ይችላል። ሁለቱን አይተው ካጣሩ በኋላ ነው ሞተሩን የሚጠረጥሩት። ዙሩ ከተጻፈው ካለፈ ደግሞ ፕሮፔለሩ ያንሳል። አንዳንዱ ሰው የደከመ ሞተር ቀልጣፋ እንዲመስል ትንሽ ፕሮፔለር ይገጥማል።

በዚያ ጊዜ ዓይንዎ ከሙቀት መለኪያው አይነሳ። በባሕር ውኃ በቀጥታ የሚቀዘቅዝ ሞተር 60 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ፣ የራሱ ዝግ የማቀዝቀዣ ውኃ ያለው ደግሞ ከ70 እስከ 90 ባለው ውስጥ ይቆማል። ዋናው መቆሙ ነው። በሚኒሞ ደህና ሆኖ በሙሉ ነዳጅ ቀስ እያለ የሚወጣ መርፌ የተደፈነ የውኃ መንገድ ምልክት ነው። ሁለት የጭስ ማሰባሰቢያ ካለው ቴርሞሜትርዎን ሁለቱም ላይ ያነጣጥሩ። አንዱ ከሌላው በጣም ከጋለ ውስጡ ዝጎ ጠብቧል። ጨው ውኃ ላይ እነዚህና ከላያቸው ያለው ክርን ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዓመት ያገለግላሉ። የተቀየሩበት ደረሰኝ ከሌለ እንዳልተቀየሩ ቆጥረው ዋጋው ላይ ይቀንሱ።

በመሃል ወደ ሚኒሞ ይመልሱት። አሁን ዘይቱ ሞቆ ቀጥኗል፤ የዘይት ግፊቱ ወደ ዜሮ ከተጠጋ ውስጡ ያሉት ኩሽኔታዎች (ዘንጉ የሚዞርባቸው ማረፊያዎች) አልቀዋል ብለው ይጠርጥሩ። የሚችሉ ከሆነ የዘይት መሙያውንም ክዳን ላላ ያድርጉ። ትንሽ ትንፋሽ ያለ ነው። እንደ ባቡር ቱፍ ቱፍ እያለ ጭስ ከተፋ ግፊቱ በፋሻው በኩል እያመለጠ ነው።

ከተመለሱ በኋላ

ክዳኑን እንደገና ይክፈቱ። ጠዋት ያላዩት ጠብታ አሁን አለ? ከጀልባው ሆድ ሥር ያለው ውኃ ላይ ዘይት ተንሳፍፏል? መለኪያውን እንደገና ይምዘዙ። ጠዋት ጥርት ያለ ዘይት አሁን ከነጣ፣ ውኃው የሚገባው ሲሠራ ነው።

ከነዳጅ ፊልትሮው ትንሽ ነዳጅ ጠርሙስዎ ውስጥ ይቅዱና ያስቀምጡት። ውኃ ካለ ታች ይዘቅጣል። ናፍጣው ውስጥ ጥቁር ዝልግልግ ነገር ከተንሳፈፈ ታንከሩ ውስጥ ተሕዋስያን ረብተዋል። ታንከሩን ማጽዳት ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ጀልባ መርማሪ ቢቀጥሩም ብዙዎቹ የሚያዩት አካሉን ነው፤ ሞተሩን ለብቻው የሚያይ መካኒክ ይያዙ፣ የሻጩ ወዳጅ ያልሆነ። ቀብድ ከመክፈልዎ በፊትም ውሉ ላይ «በሞተር ምርመራና በውኃ ላይ ሙከራ ውጤት የሚወሰን» የሚል ይግባበት። ቺንጊያ፣ ዚንክ፣ የፖምፓ ላስቲክ፣ ፊልትሮ የመደራደሪያ ነገሮች ናቸው። ዘይት ውስጥ የገባ ውኃ፣ የተሰነጠቀ ብሎክ (የሞተሩ ዋና አካል) እና የወረደ ኮምፕረሽን ግን ድርድር የላቸውም። ሻጩ ግማሽ ዋጋ ቢልዎም ቀሪው ግማሽ መካኒኩ ጋ ይጠብቅዎታል።